ጊዜያዊ ተብሎ የቆመ ጣሪያ፦ የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ጥበቃ የጉዳይ ጥናት

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ከተማ ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው ያሰሙት አቤቱታ ከተለመዱት የሰልፍ ጥያቄዎች ለየት ያለ ነበር። ሰልፈኞቹ የጠየቁት ከአሥር ዓመት በፊት በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች እንዲነሱላቸውና መንግሥት ቅርሱን ከመፍረስ እንዲታደግላቸው ነው። ቅርስን ለመጠበቅ ተብሎ በዓለም አቀፍ ገንዘብና በዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የተሠራን ሥራ ሕዝብ «ቅርሳችንን ያጠፋብናል» ብሎ ሲቃወመው ማየት ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ጉዳዩን ይበልጥ አነጋጋሪ የሚያደርገው ደግሞ መጠለያዎቹ ሲተከሉ ለዘለቄታው እንዲቆሙ ያልታሰቡ መሆናቸው ነው። ዋናው ጥገና እስኪካሄድ ድረስ ዝናቡን እንዲከላከሉ፣ ከዚያም ተፈታትተው እንዲነሱ የታቀዱ ነበሩ።

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጊዜያዊው መፍትሔ ቋሚ ሆኖ የቀረው ለምንድን ነው? «ገንዘብ ስለሌለ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ለላሊበላ ገንዘብ በተለያየ ዘመን መጥቷል፤ አንዳንድ ጊዜም በርከት ብሎ መጥቷል። የሚመጣው ተጀምሮ ለሚያልቅ፣ ለዐይን ለሚታይና ሪባን ተቆርጦ ለሚመረቅ ሥራ ነው። ዐለቱ የሚሻው በየዓመቱ የሚደጋገም፣ ማንም መጥቶ የማይመርቀው እንክብካቤ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እንዴት እንደተፈጠረና ምን እንዳስከተለ ለማየት ከዐለቱ ከራሱ መነሣት ያስፈልጋል።

ዐለቱና ውሃው

ላሊበላ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጥንት ስሟ ሮሃ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከዛጉዌው ንጉሥ ከቅዱስ ላሊበላ ስም ጋር የተሳሰሩና በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተፈለፈሉ ተደርገው ይታወቃሉ። በ1970 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978፣ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ በመጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ ዮርዳኖስ ተብሎ በሚጠራው ወንዝ ግራና ቀኝ በሁለት ምድብ የተቀመጡ ሲሆን፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከሁለቱም ተለይቶ ለብቻው ይገኛል።

ስለ ጥበቃቸው ለመነጋገር አስቀድሞ መጨበጥ ያለበት ነገር አሠራራቸው ነው። ጠራቢዎቹ መጀመሪያ ዙሪያውን ጥልቅ ጉድብ ቆፍረው መሐል ላይ አንድ ወጥ ዐለት አስቀሩ፤ ከዚያም ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ውጩንም ውስጡንም ፈለፈሉት። በድንጋይ ላይ ድንጋይ ተደርቦ የታነፀ ቤት አንዱ ድንጋይ ቢበላሽ ያ ድንጋይ ወጥቶ ሌላ ይተካል። ፍልፍሉ ቤት ግን ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ዐምዱና ወለሉ አንድ አካል ስለሆኑ ጣሪያ ላይ የጀመረ ስንጥቅ ወደ ግድግዳው ይወርዳል፤ የጎደለውን ለመተካት የሚገባው ማንኛውም ነገርም ለአካሉ ባዕድ ነው። ሕንፃው ጉድጓድ ውስጥ የቆመ በመሆኑ ደግሞ ከላይ የሚዘንበው ብቻ ሳይሆን ከዙሪያው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ ወደ እርሱ ያመራል። መውጫ ባይበጅለት ኖሮ እያንዳንዱ ግቢ በየክረምቱ ኩሬ ይሆን ነበር።

ጠራቢዎቹ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ጣሪያዎቹን ውሃ እንዳያቁሩ አዘንብለው ጠርበዋቸዋል፤ ከግቢ ወደ ግቢ የሚያሻግሩትን ጉድቦችና መተላለፊያዎች ሲቆፍሩም ውሃውን እየሰበሰበ የሚያወጣ የቦይ ሥርዓት አብረው ዘርግተዋል። ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ዐይኑ የሚያርፈው በመስኮቶቹ ቅርጽና በዐምዶቹ ላይ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ግን የላሊበላን ጠቢባን ከምንም በላይ የሚያስመሰግናቸው ማንም ቆም ብሎ ፎቶግራፍ የማያነሣው የውሃ መንገዳቸው ነው። ቦይ ደግሞ ካልተጠረገ ቦይ አይደለም። አፈርና ጠጠር ሲሞላው ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ የግድግዳውን ግርጌ ያርሳል፤ እርጥበቱም በዐለቱ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል።

ዐለቱ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። ቀላ ያለ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላና ለመፈልፈል የሚመች ነው፤ ለመፈልፈል እንዲመች ያደረገው ባሕርይ ለዝናብም አሳልፎ ይሰጠዋል። በረጅም ዘመን መበስበስ በውስጡ የተፈጠሩት ሸክላማ ማዕድናት ውሃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። የአካባቢው ዝናብ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ወራት የደጋ ፀሐይ ቀን እያቃጠለ፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ይፈራረቅበታል። ይህ ዑደት በየዓመቱ ሲደጋገም ስንጥቁ በጥቂት በጥቂቱ ይሰፋል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ጨው ይዞ ወደ ውስጠኛው ገጽ ይወጣና ቅርጻ ቅርጹንና ሥዕሉን ይልጣል፤ እርጥበት ባለበት ሁሉ የድንጋይ ሽበት ይበቅላል፣ ሥርም ይገባል።

ሁሉም አብያተ ክርስቲያናት እኩል አልተጎዱም። ቤተ ጊዮርጊስ ከሁሉ ይልቅ ደኅና ነው። 33.5 ሜትር ርዝመትና 23.5 ሜትር ወርድ ያለው ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ ከውጭ ከሚከቡት ዐምዶች ብዙዎቹ በተለያየ ጊዜ በግንብ የተተኩ ናቸው። ቤተ መርቆሬዎስ ከፊሉ የተደረመሰ ነው። በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይም ስንጥቆቹ በግልጽ ይታያሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ላሊበላ ቅዳሴ የማይቋረጥበት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካህናት የሚያገለግሉበት ሕያው ደብር ነው። በገና ዋዜማ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ከተማዋን ያጥለቀልቃታል፤ በበዓሉ ዕለት ካህናቱ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በቤተ ማርያም ግቢ፣ ግማሾቹ ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው የዐለቱ ከንፈር ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ይዘምራሉ። ደረጃውን የሚፍቀው እግር፣ የዐለቱን ጠርዝ የሚጫነው ሕዝብ፣ ግድግዳውን የሚዳስሰውና የሚሳለመው እጅ ሁሉ በመሐንዲስ ዐይን «ጫና» ይባል ይሆናል፤ ያለ እነርሱ ግን የሚጠበቀው ነገር ራሱ ትርጉም አይኖረውም። ሰውን አግዶ ድንጋዩን የማትረፍ ምርጫ እዚህ ቦታ ላይ የለም።

ሬንጁና ቀይ ቀለሙ

ለጥገና ተብሎ ቅርሱ ሲጎዳ የመጠለያዎቹ ጉዳይ የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተካሄደ ጥገና ውሃ እንዳያስገቡ ተብሎ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅ ተቀቡ፤ ሬንጁ እንዳይታይም በላዩ ቀይ ቀለም ተደረበበት። ሐሳቡ ከላይ ሲታይ ትክክል ይመስላል። ሆኖም ቀዳዳ የበዛበት ዐለት እርጥበት የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚተነፍስበትም መንገድ ያስፈልገዋል። ከሥርና ከጎን የገባው ውሃ በሬንጅ በተደፈነ ገጽ በኩል መውጣት ስለማይችል ከሥሩ ተጠራቅሞ ድንጋዩን ያላላዋል። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ይህን ጉዳት የማረም ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ኮሎኔል ጄምስ ግሬይ የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ያቋቋሙት፣ ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት፣ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ላሊበላን ነው። (ኮሎኔሉ ወደዚህ ሥራ የገቡት ዘንበል ብሎ የቆመውን የፒዛን ግንብ ከሥሩ ያለውን አፈር በማቀዝቀዝ ለማዳን አስበው ነበር ይባላል፤ ያ ሐሳብ አልተፈጸመም።) በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተካሄደው ሥራ ሬንጁና ቀለሙ እንዲላጥ፣ በፍርስራሽና በአፈር የተደፈኑ ጉድቦችና ቦዮች እንዲጠረጉ፣ ለመውደቅ የተቃረቡ ክፍሎችም እንዲደገፉ ተደርጓል።

ከዚህ ዘመን የምንረዳው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የቦዮቹ ጽዳት ከጥገናው ዋና ዋና ተግባራት መካከል መግባቱ የውሃው መንገድ ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ሳይጠረግ መቆየቱን ያሳያል። ሁለተኛው፣ ቡድኑ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ክትትሉን በቋሚነት የሚይዝ፣ በጀት የተመደበለት የጥገና ክፍል በቦታው አልቀረም። ከዚያ በኋላ አገሪቱ አብዮትንና ጦርነትን፣ ላስታና አካባቢው ደግሞ ድርቅንና ረኃብን አሳለፉ። በእነዚያ ዓመታት ስለ ዐለት ስንጥቅ የሚያስብ ባይገኝ ማንንም መውቀስ አይቻልም።

መጠለያዎቹ

ችግሩ እንደገና አሳሳቢ ሲሆን መጀመሪያ የተሰጠው መልስ ቆርቆሮ ነበር። ከብረትና ከእንጨት በተሠራ መወጣጫ ላይ የተደገፈ የቆርቆሮ ክዳን በተጎዱት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ለዓመታት ቆየ። መልኩ አስቀያሚ፣ ድጋፉም ደካማ ስለነበር የተሻለ ነገር ይደረግ የሚለው ሐሳብ እየገፋ መጣ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ተካሂዶ የጣሊያን አርክቴክቶች አሸነፉ፤ ግንባታውም እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠናቀቀ። አራት መጠለያዎች አምስት አብያተ ክርስቲያናትን እንዲሸፍኑ ተደረገ፦ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምንና በግቢዋ ያለችውን ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልን እና ቤተ አባ ሊባኖስን።

መጠለያዎቹ በረጃጅም የብረት ምሰሶዎች የተሸከሙ፣ በገመድ የተወጠሩና በሸራ መሰል ሽፋን የተከደኑ ናቸው። ዓላማቸው በሁለት ቃል ሊገለጽ ይችላል፤ ዝናብን ማስቀረትና ጊዜ መግዛት። በሥራቸው ያለው ዐለት ሲደርቅ ስንጥቆቹ ይመረመራሉ፣ ይሞላሉ፣ ጣሪያዎቹ ይታከማሉ፤ ያ ሲያልቅ መጠለያዎቹ ይነሳሉ። በወረቀት ላይ ይህ ምክንያታዊ ዕቅድ ነው። ለመጠለያዎቹ በፍትሐዊነት ለመመስከርም፣ ዝናቡን በቀጥታ ከጣሪያዎቹ ላይ በማስቀረት ረገድ ሥራቸውን ሠርተዋል።

ሆኖም መግዛት የታሰበው ጊዜ ሲገዛ፣ በጊዜው ውስጥ መሠራት የነበረበት ሥራ አብሮ አልተገዛም። ለግንባታው የተያዘው ገንዘብ ግንባታው ሲያልቅ አበቃ። መጠለያውን የሚከታተል፣ ገመዱን የሚያጠብቅ፣ ብሎኑን የሚፈትሽ፣ ሽፋኑ ሲያረጅ የሚተካ ቋሚ በጀትና ባለሙያ በሚገባው ደረጃ አልተዘጋጀም፤ በመጠለያው ሥር ያለውን ዐለት የማከሙ ሥራማ ከመነሻውም የዚያ ፕሮጀክት አካል አልነበረም። አንድ በሽተኛ ደሙ እንዲቆም በጨርቅ ታስሮለት፣ ሐኪሙ ሳይመጣ ጨርቁ ዓመታት እንደቆየ ዓይነት ነው።

ዓመታት ባለፉ ቁጥር ስጋቶቹ ተበራከቱ። የመጀመሪያው ክብደት ነው። ምሰሶዎቹ ያረፉት ለዘመናት በተቆፈረ፣ ከሥሩ መተላለፊያና ዋሻ በበዛበት ዐለት ላይ ወይም በአጠገቡ ነው። ሁለተኛው ነፋስ ነው። በዚያ ከፍታ የሚነሣ ነፋስ ሰፊውን ሽፋን እንደ ሸራ እየገፋው ምሰሶዎቹን ሲያንቀጠቅጥ ነዋሪው በጆሮው ይሰማዋል፤ አንድ ቀን ተገንድሶ አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ይወድቃል የሚለው ፍርሃትም ከዚህ የመነጨ ነው። ሦስተኛው ስጋት ብዙ ሰው የማይገምተው ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት በየክረምቱ እየራሰ በየበጋው ሲደርቅ የኖረ፣ ሸክላማ ማዕድን ያለበት ዐለት ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ሲቆይ ሊኮማተርና አዲስ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ጣሪያው ላይ የማያርፈው ዝናብ ደግሞ የትም አይጠፋም፤ ከመጠለያው ጠርዝ ተሰብስቦ ሲወርድ የሚያርፍበት ቦታ በቅጡ ካልተበጀ ጉዳቱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ዞረ ማለት ነው።

መልኩም እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። አብያተ ክርስቲያናቱ ከሰማይ በታች ራቁታቸውን እንዲታዩ የተቀረጹ ናቸው፤ ጣሪያዎቻቸው ላይ ያለው ቅርጽ ወደ ላይ የሚታይ እንጂ የሚሸፈን አይደለም። «ቤዛ ኩሉ» ዛሬ የሚዘመረው የብረት ምሰሶ በከበበው ግቢ ውስጥ ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ

«ላሊበላ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ዩኔስኮ ያድሰው» የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል። በዓለም ቅርስነት መመዝገብ ክብርንና ክትትልን ያመጣል፤ የጥገና በጀት ግን አብሮት አይመጣም። የዓለም ቅርስ ፈንድ ለመላው ዓለም ያለው ገንዘብ አነስተኛ ሲሆን፣ ቅርሱን የመጠበቅ ኃላፊነትም በስምምነቱ መሠረት በቀዳሚነት የባለቤቱ አገር ነው። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ስለ ላሊበላ በየጊዜው ጥያቄ ሲያነሣ፣ ባለሙያ ሲልክና የአስተዳደር ዕቅድ እንዲዘጋጅ ሲወተውት ቆይቷል። ውትወታ የራሱ ዋጋ አለው፤ ቦይ ግን አይጠርግም።

በአገር ውስጥ ያለው አደረጃጀትም ኃላፊነትን የሚበትን ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ ባለቤት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን ዕለታዊ አስተዳደሩ የደብሩ ነው። የጥበቃውን ሥራ የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ነው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮም፣ የዞኑና የከተማው አስተዳደርም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በይዞታው ያደረገ ሁሉ በራሱ ወጪ እንዲንከባከብ ያስገድዳል፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆንም መንግሥት ሊያግዝ እንደሚችል ይደነግጋል። አሳቡ መልካም ነው። በተግባር ሲታይ ግን ካህኑ ስንጥቅ ቢያይ ያለ ፈቃድ እጁን አያነሣም፣ ፈቃድ ሰጪው አዲስ አበባ ነው፣ ባለሙያውም እዚያው ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ ከሁለቱም ዘንድ የለም።

ከጎብኚዎች የሚገኝ ገቢስ የለም ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አለ፤ ለውጭ አገር ጎብኚ የመግቢያው ክፍያ ለዓመታት 50 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ለቅርስ መግቢያ ትንሽ የሚባል ክፍያ አይደለም። ገቢው የሚሰበሰበው በቤተ ክርስቲያኗ በኩል ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የደብሩን አገልግሎትና በመቶዎች የሚቆጠሩ አገልጋዮችን ማኖር አለበት። ይህን እንደ ጥፋት የሚያዩ አሉ፤ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ትችቱ ልክ አይደለም። ካህናቱ ባይኖሩ ኖሮ አብያተ ክርስቲያናቱ ስምንት መቶ ዓመት አይሻገሩም ነበር። ጉድለቱ ያለው ከክፍያው ውስጥ ምንም ይሁን ምን አስቀድሞ ተቀንሶ ለጥገና ብቻ የሚቀመጥ፣ ደብሩም ባለሥልጣኑም በጋራ የሚያዩት ሒሳብ ባለመኖሩ ላይ ነው።

የገቢው ምንጭ ራሱ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ተከታዮቹ ዓመታት አሳይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚውን አስቀረ። በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ገባች፤ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ የመንግሥት ኃይሎች መልሰው እስኪይዟት ድረስ መብራትና ስልክ የተቋረጠባት፣ ሆቴሎቿ ባዶ የቀሩባት ከተማ ሆና ከረመች። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በከተማዋና በአካባቢዋ ውጊያ ነበር። ጎብኚ ሲጠፋ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ በየሱቁ መስቀልና ጧፍ የሚሸጠው ሁሉ ገቢውን ያጣል፤ ዝናቡ ግን ጦርነት አለ ብሎ አይቀርም። የጥገና በጀት ሙሉ በሙሉ በጎብኚ ላይ ሲመሠረት ቅርሱ ይበልጥ ጥበቃ በሚያስፈልገው ጊዜ ጥበቃው ይቋረጣል ማለት ነው።

ሁለቱ ያልተከደኑ ቤቶች

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ብዙም ያልተነገረለት ክፍል ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ፣ ትልልቆቹ መጠለያዎች ባልሸፈኗቸው በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ ጎልጎታ ወሚካኤል ላይ ሌላ ዓይነት ሥራ ተሠራ። የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ከአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር፣ በአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ ድጋፍ ያከናወነው ነው። ዐለቱን ከመክደን ይልቅ ወደ ዐለቱ መቅረብን መረጠ፤ እያንዳንዱን ስንጥቅ መዘገበ፣ ከድንጋዩ ጋር በሚስማማ በኖራ ላይ በተመሠረተ ድብልቅ ሞላው፣ ጣሪያው ዝናብን እንዲያወርድ እንጂ እንዳያቁር አስተካከለው፣ የውሃ መውረጃውን አበጀ።

የኖራው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። ብዙ ሰው ለጠንካራ ጥገና ሲሚንቶ ይሻላል ብሎ ያስባል። ሲሚንቶ ከዚህ ዐለት ይልቅ ጠንካራና ውሃ የማያሳልፍ በመሆኑ፣ ዐለቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት አይንቀሳቀስም፤ በድንበራቸው ላይ አዲስ ስንጥቅ ይከፈታል፣ በውስጡ ያለው ጨውም ለድንጋዩ ሌላ ሕመም ይሆንበታል። ኖራ ደካማ ነው፤ ጥቅሙም ከድካሙ የሚመጣ ነው። መሰንጠቅ ካለበት የሚሰነጠቀው እርሱ ነው፤ ድንጋዩ ይተርፋል፣ ኖራው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታድሶ ይሞላል። እዚህ ላይ ግን ያው ጥያቄ ይመለሳል፦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማን ይሞላዋል?

የሁለቱ ቤቶች ሥራ ለዚህ ጥያቄ በከፊልም ቢሆን መልስ ለመስጠት ሞክሯል። በጥገናው ላይ የአካባቢው ሠራተኞች እየሠለጠኑ እንዲሳተፉ ተደርጓል። ኖራ ማብላላት፣ ስንጥቅ ማጽዳትና መሙላት፣ የድንጋይ ሽበትን ዐለቱን ሳይጎዱ ማንሣት ለተማረ እጅ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ውድ መሣሪያም አይፈልግም። ላሊበላ ደግሞ ድንጋይ የሚያውቅ እጅ ጠፍቶባት አያውቅም። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ግን ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ወደ ሌላ ኑሮ መመለሳቸው አይቀርም፤ በቋሚነት የሚቀጥራቸው መዋቅር ከሌለ የተማሩት ይረሳል፣ አለዚያም ለሆቴል ግንብ ይውላል።

የነገሩን ግራ መጋባት ልብ ማለት ይገባል። ጊዜ ተገዝቶላቸው የነበሩት አምስቱ የተከደኑ አብያተ ክርስቲያናት በመጠለያው ሥር የተሟላ ሕክምና ሳያገኙ ዓመታት ሲያልፉ፣ መጠለያ ያልተሠራላቸው ሁለቱ ታከሙ። የመጠለያዎቹን ፋይዳ ለመመዘን ከዚህ የበለጠ ንጽጽር ከሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ከሰልፉ በኋላ

የ2011ዱ ሰልፍ ፖለቲካዊ ጆሮ አግኝቷል። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላን ጎብኝተው አገራቸው ለጥበቃው እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ይህን ተከትሎ «ዘላቂ ላሊበላ» በሚል ስም የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች የጋራ ሥራ ጀመሩ፤ የዐለቱን ሁኔታ ማጥናት፣ የቦታውን ታሪክና ሰነድ ማደራጀት፣ የአካባቢውን ሰዎች ማሠልጠን በውስጡ አሉበት። ስሙ ራሱ ጉድለቱ የት እንደነበር የገባቸው ሰዎች ያወጡት ይመስላል። ወረርሽኙና ጦርነቱ ሥራውን አጓተቱት፤ ከሰልፉ ዓመታት በኋላም መጠለያዎቹ ከቦታቸው አልተነሱም።

ነዋሪው «ይነሱ» ሲል ባለሙያው «ቆይ» የሚልበት ምክንያት አለው፤ ይህን ምክንያት በግልጽ ለሕዝቡ ማስረዳት ግን ለረጅም ጊዜ ችላ ተብሏል። ለዓመታት ደርቆ የቆየ፣ ስንጥቁ ያልተሞላ ጣሪያ በአንድ የሐምሌ ዶፍ ሥር በድንገት ቢጋለጥ የሚደርሰው ጉዳት ካለፉት ዓመታት ጉዳት ሊብስ ይችላል። ስለዚህ መጠለያዎቹ የሚነሱት ከሥራቸው ያለው ጣሪያ ስንጥቅ በስንጥቅ ታክሞ፣ ውሃ ማውረዱ ተፈትኖ፣ ዙሪያው ያሉት ቦዮች እስከ ዮርዳኖስ ድረስ ተከፍተው ሲያበቁ፣ በበጋ ወራት፣ አንድ በአንድ ነው። መጠለያውን የማፍረሱ ሥራ ራሱ አደጋ አለው፤ ያን ሁሉ ብረት በጠባቡ ጉድብ ላይ አንጠልጥሎ ማውረድ ከመትከሉ አይቀልም። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለማፍረስና ለሕክምናው የሚሆነው ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚገኝ የፕሮጀክት ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ለጋሽ የሚወደውም ዓይነት ነው።

አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ብሂል የማያውቅ ባለሥልጣን የለም፤ በጀት ሲዘጋጅ ግን ቅጠሉ በዝርዝር ውስጥ አይገባም። መጠለያ የሌለው ጣሪያ በየዓመቱ ሊታይ፣ ኖራው ሊታደስ፣ ቦዩ ሊጠረግ ግድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በደብሩ ግቢ ውስጥ የሚውል፣ ለደብሩም ለባለሥልጣኑም ተጠሪ የሆነ፣ ጥቃቅን ጥገናዎችን በየጊዜው አዲስ አበባን ፈቃድ ሳይጠይቅ አስቀድሞ በጸደቀ መመሪያ መሠረት የሚያከናውን ትንሽ ቡድን ነው። ሁለት ሦስት የሠለጠኑ ድንጋይ ሠራተኞች፣ ስንጥቆቹን የሚለካና የሚመዘግብ አንድ ባለሙያ፣ የኖራ ጉድጓድ፣ መሰላልና አካፋ። ወጪው ከአንድ መጠለያ ምሰሶ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይመስልም፤ ነገር ግን በየዓመቱ፣ ያለ ማቋረጥ፣ ጎብኚ ቢመጣም ባይመጣም መከፈል አለበት።

የዚህ ቡድን ደመወዝ ከመግቢያ ክፍያው ተቀንሶ ይያዝ፣ ከፌዴራል በጀት ይመደብ፣ ወይስ ለጋሾች በአንድ ጊዜ ከሚሰጡት ገንዘብ ወለዱ ብቻ እየታሰበ የሚወጣለት ቋሚ ተቀማጭ ይቋቋምለት የሚለው ጥያቄ ደብሩን፣ ባለሥልጣኑንና ክልሉን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ጥያቄ ነው። የቦዮቹ ጠረጋ ደግሞ ውይይቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።